የጡሩምባው ጥርስ

ሰፈሩ «ጡሩምባው» ይለዋል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በማዘጋጃ ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጡሩምባ ሲነፋ ኖሯል። ሰልፍም ይሁን ቀብር፣ ከሁሉ ቀድሞ ጆሮ የሚገባው የእሱ ድምፅ ነበር።

ሕመሙ የጀመረው ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ነው። የላይኛው የፊት ጥርሱን ውርር አደረገውና ወዲያው ተወው።

«ሐኪም ዘንድ ሂድ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!» አለችው ሚስቱ።

«ነካክተው አፌን ካበላሹብኝ በምን ልነፋ ነው? ደግሞ በጥርስ ማን ሞተ?»

ቅርንፉድ ወቅጦ ያዘበት፤ ለጥቂት ሰዓት አደነዘዘለት። የራስ ምታት ክኒን ሰባብሮ ድዱ ላይ ቢለጥፍ ድዱ ተቃጥሎ ነጭ ሆነ። ስኳር የበዛበት ሻዩን ግን አልቀነሰም፤ ጥርሱን ሳይቦርሽ መተኛቱንም አልተወም።

አንድ ቀን ሕመሙ ድንገት ጥፍት አለ።

«አላልኩሽም? ለቀቀኝ!» አላት እየሳቀ። እሷም እፎይ አለች።

ከወር በኋላ ልምምድ ላይ እንዳለ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተከደነ። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠው ጀመር። የጓዱ አለቃ ራሱ ደግፎ ክሊኒክ ወሰደው። የጥርስ ሐኪሟ ራጁን ወደ ብርሃን አንስታ ብዙ አየችው።

«ሕመሙ መቼ ተወዎት?»

«ቆየ። ድኖልኝ ነበር እኮ።»

«አልዳነም፣ አባቴ። ነርቩ ሞቶ ነው ዝም ያለው። መግሉ ውስጥ ውስጡን አጥንቱን በልቶ ጎረቤቱንም ጥርስ ይዞታል። ገና ቀዝቃዛ ሲያምዎት ቢመጡ ቀዳዳውን ሞልተን እንሸኝዎት ነበር።»

«ታዲያ አሁንስ?»

«ሁለቱም መነቀል አለባቸው።»

ተነቀሉ። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሠራለት፤ ለመብላትና ለመሳቅ ይበቃል። ጡሩምባው ከንፈሩን ሲጫነው ግን ጥርሱ ይነቃነቃል፣ ትንፋሹ በጎን ያመልጣል፣ ድምፁ እንደ ታመመ በግ ይሆናል። አለቃው ብዙ ታገሠው። በመጨረሻ፣ ዓይኑን እያሸሸ፣ «የዕቃ ግምጃ ቤቱን ያዝልን» አለው።

አሁን ሌሎች የሚነፉትን ጡሩምባ ይወለውላል። ትንሿ ሴት ልጁ ጥርሷን ሳትቦርሽ ወደ አልጋ ካቀናች አይለቃትም፤ ትንሽ አመመኝ ካለችም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ናት። ሚስቱ አንዴ ብቻ፣ ሳታስበው፣ «ያኔ ብትሰማኝ ኖሮ» ብላው ነበር። ምግቡን ትቶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥርስ በዚያ ቤት የሚወራው ከልጅቷ ጋር ብቻ ነው።

ሰልፍ ባለ ቀን መሣሪያውን አስረክቦ ግምጃ ቤቱን ይቆልፍና፣ ጓዱ በማያልፍበት መንገድ ዞሮ ቤቱ ይገባል።