የአባቴን ልብ ያየሁበት ድንኳን

አባቴ «ከግመል ወድቄ ነው» ያለንን እናቴም እኔም አምነን ተቀብለነው ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአሊዩ አምባ ጨው ጭኖ ሲመለስ፣ ጎኑን ይዞ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው ቤት የገባው። ስለታም ድንጋይ ላይ ወደቅሁ አለ። ቁስሉን ለማንም አላሳየም፤ ራሱ እያጠበ፣ ራሱ በጨርቅ እያሰረ አዳነው። ቁስሉ ሲደርቅ ግን ሳል ጀመረው። ጥጥ ለቀማ ሲደርስ ጆንያ ማንሳት አቃተው፤ ብዙም ሳይቆይ ደም መትፋት መጣ።

ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ፣ ከደብረ ሲና ቁልቁል የመኪና መንገድ ያሠራ ነበር። ገደሉን በፈንጂ ሲንዱት ጭሱን አስቀድመን እናያለን፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሰናል። ከሰፈሩ አጠገብ አዲስ ድንኳን መተከሉን የሰማነው ገበያ ላይ ነው። በመኪና የመጣ መሣሪያ አለ፣ የሰውን የውስጥ ዕቃ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ተባለ። መሣሪያው የመጣው ለመንገዱ ሠራተኞች ነበር፤ ረቡዕ ረቡዕ ግን ያገሬውንም ሰው ያዩ ነበር።

እናቴ ሂድ ብላ ለመነችው። እንቢ ይላል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሳቀ። ሥጋን ዘልቆ የሚያይ አላህ ብቻ ነው፣ የቀረው የገበያ ወሬ ነው አለ። የሳል መድኃኒት ካላቸው ግን ልቀበላቸው አለና ተነሣ። የጎረቤት በቅሎ ለምኜ፣ እሱን አስቀምጬ እየሳብኩ ወሰድኩት።

ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ ሞተር ይጮኻል፤ ከሞተሩ የወጣ ወፍራም ገመድ በድንኳኑ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል። ጣሊያኑ ሐኪም ቀይ መነጽር አድርጎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ፀጉሩ የሸበተ የደብረ ሲና ሰው ነበር። መነጽሩ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዓይኑ ጨለማውን እንዳይረሳ ነው አለኝ። የዚህ ትርጉም ውስጥ ስንገባ ገባኝ። በቀትር እንዲያ ያለ ጨለማ አይቼ አላውቅም። ድርብ ጥቁር ጨርቅ ዙሪያውን ተጋርዷል። ዓይናችሁ እስኪለምድ ተቀመጡ ተባልን፤ ምን እንደነካው ሲጠየቅ አባቴ ከግመል ወድቄ ነበር አለ፤ የአባቴን ትንፋሽ እያዳመጥኩ ብዙ ቆየሁ።

ከዚያ አባቴን ልብሱን አስወልቀው ከአንድ ሰሌዳ ኋላ አቆሙት። ልደግፈው ስጠጋ ሐኪሙ በእጁ መለሰኝ፤ ከእሱ ኋላ፣ ከአስተርጓሚው አጠገብ ቆምኩ። አንድ ነገር ቀጭ አለና ሰሌዳው ፈዘዝ ባለ አረንጓዴ ብርሃን አበራ።

አባቴን አየሁት። ቆዳው የለም፣ ሥጋው የለም። የጎን አጥንቶቹ እንደ ጎጆ ማገር ተደርድረዋል። በአጥንቶቹ መካከል ሳንባው ብርሃን ሞልቶበት፣ ሲተነፍስ ይሰፋል፣ ይጠብባል። መሐል ላይ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ጥቁር ነገር አለ፤ ይኮማተራል፣ ይፈታል፣ ደግሞ ይኮማተራል። ምን እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ፣ እሱ ሲተኛም ሲነግድም ሲሰግድም፣ አንዴም ሳያርፍ ይህን ሲሠራ ኖሯል። በአፌ ውስጥ ሱብሐነላህ እላለሁ።

ከልቡ በታች፣ በሁለት አጥንቶች መካከል፣ የተምር ፍሬ የምታህል ነገር ነበረች። ከአጥንቱም ከልቡም ይልቅ ትጠቁራለች። በተነፈሰ ቁጥር አብራ ከፍ ዝቅ ትላለች። ሐኪሙ ጓንት ባጠለቀ ጣቱ አመለከታትና አንድ ቃል ተናገረ።

አስተርጓሚው ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ ከግመል ወደቅሁ ነው ያሉት?» አለ።

«ከግመል ነው» አለ አባቴ ከሰሌዳው ኋላ። እሱ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው፤ እኛ ምን እንደምናይ አያውቅም።

ሐኪሙና አስተርጓሚው በጣሊያንኛ ብዙ ተነጋገሩ። ልብሴን ጨብጬ ጠበቅሁ። አረንጓዴው ብርሃን ጠፋ፤ መጋረጃው ሲገለጥ የፀሐዩ ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ የሳል መድኃኒት በጠርሙስ ሰጠንና ሌላ በሽተኛ ጠራ። አስተርጓሚው በቅሎዋ ድረስ ሸኘን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለአባቴ እንዲህ አለው፦

«ጥይቷን አይቷታል። ግመል ሊዘርፉ የመጡ ሽፍቶች ናቸው የመቱት፣ አፍሮ ነው ያልተናገረው ብዬዋለሁ። የሚጠይቃችሁ ቢመጣ ሁላችሁም ይህንኑ በሉ። እሷን መንካት ግን አይቻልም ይላል ሐኪሙ። ሥጋው አቅፏታል፤ ካልነኳት ከአንቱ ጋር ታረጃለች።»

አባቴ የሰውየውን እጅ ይዞ ቆየ። ክርስቲያኑና እስላሙ ተሳሳሙና ተለያዩ።

መንገድ ላይ ከግራር ጥላ ሥር አረፍን። ጥይቷን የደበቃት ከእናቴና ከእኔ እንደነበር ያኔ ነገረኝ። ከጨው ጆንያው ሥር ለአርበኞች ጥይት ይጭን ነበር፤ ወደ ደጋው ሲያደርስ የጣሊያን ጠባቂዎች ተኮሱበት። እናቴ እንዳትጨነቅ ብሎ ደበቀ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልቤንም አየሽው?»

«አየሁት፣ አባዬ።»

«ምን ይመስላል?»

እጄን ጡጫ አድርጌ እየጨበጥኩ፣ እየዘረጋሁ አሳየሁት። እሱም የራሱን ጡጫ ደረቱ ላይ አኖረና እንደ እኔ ጨበጥ፣ ዘርጋ አደረገ። እንዲያ ሲያደርግ እንባው ወረደ። ቤት ስንገባ ለእናቴ ሁሉንም ራሱ ነገራት። ጠያቂም ሳይመጣብን ጣሊያን ከአገር ወጣ፤ ሳሉም በዝግታ ተወው።

ያ አረንጓዴ ሰሌዳ ግን እኔን አልለቀቀኝም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሄድኩና በአንድ ሆስፒታል በጽዳት ተቀጠርኩ። ራጅ ክፍል የሚባል አለ ሲሉኝ እሱን ልጥረግ ብዬ ለመንኩ። ቃሉ ራሱ የጣሊያን ነው፤ ጨረር ማለት መሆኑን የነገረኝ የክፍሉ ባለሙያ ነው። ስጠርግ ዓይኔ ከመሣሪያው እንደማይነሣ አይቶ ያስተምረኝ ጀመር። አንድ ቀን የመወልወያዬን ባልዲ ሳበና ውሃውን በጣቱ ቀስ እያለ ነካካው፤ ሰፋፊ ሞገድ ሄደ። ቶሎ ቶሎ ሲነካካው ሞገዱ ተጠጋጋ።

«ብርሃንም ሞገድ ነው» አለኝ። «በሞገዶቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ሲሆን የሬዲዮ ወሬ ይሸከማል። ጠበብ ሲል ከምድጃ የሚመጣው ሙቀት ነው። ከዚያ ሲጠብብ ቀይ ሆኖ ለዓይን ይታያል፤ እስከ ሐምራዊ ድረስ። ከሐምራዊ አልፎ እጅግ ሲጠጋጋ ሥጋን ዘልቆ ይሄዳል፤ አጥንትና እርሳስ ያስቆሙታል። ዘሩ ግን አንድ ነው።»

ባልዲው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ሬዲዮውና ምድጃው፣ የጥጡ ንጣትና የአባቴን ልብ ያሳየኝ ነገር፣ አንድ ዘር ናቸው። ዓይናችን የሚያገኘው ከዚያ ሁሉ ትንሿን ቁራጭ ብቻ ነው። መጥረጊያዬን ማንሳት ረስቼ ሰዓቱ አለፈ።

ለረመዳን ፆም ፍቺ ሸዋ ሮቢት ስወርድ ለአባቴ ነገርኩት። ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። መዳፉን ዘርግቶ፣ ይህ የሚሞቀኝም ከዚያው ነው ወይ አለኝ። ነው አልኩት። ያኔ በደረቴ ሲያልፍ እንዴት ምንም አልተሰማኝም አለ። መዳፉን እያገላበጠ ብዙ አሰበ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤት በመጣ ቁጥር፣ «ብርሃን የማይታዩ ወንድሞች አሉት፤ ልጄ የምትሠራው ከእነሱ ጋር ነው» ይል ነበር፤ ብዙው ሰው ይስቅበት ነበር፤ የሚያምነው ግን ጥቂት ነበር።