«አላስገባም» ማለት የከበደው ሰልጣኝ

ደም ካለ ቱቦ አይገባም። ሰልጣኞቼን መጀመሪያ የማስተምራቸው ይህንን ነበር። ሁሉም ቀዶ ሐኪሞች ናቸው፤ ቃሊቲ፣ ከባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ብዙም ወደማይርቀው ሆስፒታላችን የሚመጡት የሽንት አካላት ጉዳትን ማከም ሊማሩ ነው። ዳሌው የተሰበረ ሰው ብልቱ ጫፍ ላይ ደም ከታየ የሽንት ቧንቧው ተቀዶ ይሆናል፤ በዚያ በኩል ቱቦ የገፋ ሐኪም ትንሹን ቅዳድ በጥሶ ይጨርሰዋል። ሽንቱ ሆድ ተበስቶ በቀጥታ ከፊኛ ይወጣል፣ ቧንቧው ኋላ ይጠገናል። አንዱን አዛዥ፣ ሌላውን ታዛዥ እያደረግሁ «አላስገባም!» አስብላቸዋለሁ። እየተሳሳቁ ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት መጋዘን ውስጥ ጭነት የሚያወርድ ወጣት ይዘው መጡ። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከግድግዳ ጋር አጣብቆት ዳሌው ተሰብሯል። በቅርቡ ያገባ ልጅ ነው። እኔ ሌላ ቀዶ ሕክምና ላይ ስለነበርኩ የተቀበለው ከሰልጣኞቼ ሁሉ ጎበዙ ነው። ቱቦ እንዲገባ ያዘዙት ደግሞ ግማሻችንን ያስተማሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው።

«አስገባለት እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት።

«እሺ ጋሼ» ብሎ አስገባ።

ስደርስ ከቱቦው ጫፍ በተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ውስጥ ደም እንጂ ሽንት አልነበረም።

«ደሙን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«እሳቸውን እንዴት እምቢ ልበል?»

አላውቅም ቢለኝ በስንት ጣዕሙ! ያላወቀ ይማራል፤ ይሄን ጨዋ ልጅ ግን ምን ላድርገው? ሽማግሌውን ሐኪምም ቢሯቸው ሄጄ ተናገርኳቸው። ሻይ ጋበዙኝ።

ወጣቱን ሁለት ጊዜ ጠገንነው፤ ቧንቧው ሁለቴም ጠበበ። በመጨረሻ ለክትትል ሲመጣ ሽንቱ የሚወርደው ሆዱ ላይ በተተከለው ቱቦ ነበር። ሥራ የለም፣ ሚስቱም ወደ ወላጆቿ ተመልሳለች። ሰልጣኙ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ለወጣቱ እውነቱን ነገርኩት፤ ሽማግሌው ሐኪም በመጀመሪያው ቀን ያዘዙት ቱቦ ባይገባ ኖሮ ጉዳቱ እዚህ ባልደረሰ ነበር አልኩት።

የወጣቱ ፊት ጠቆረ። «ዶክተር፣ እንደሱ አይበሉ እንጂ። ትልቅ ሰው ናቸው እኮ!»

ሰልጣኙ አንገቱን ደፋ። ወዲያው በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ገቡ። ወጣቱ ከረጢቱን በአንድ እጁ ደግፎ ከወንበሩ ተነሳላቸው።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። ምን ሆነህ ነው ልጄ?»

«መኪና ነው አባቴ» አለ፣ ጎንበስ ብሎ።