የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

«ጀግኖቻችን» የሚለውን ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በኮሮናው ጊዜ በሕክምና ቤቱ በር ላይ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር። ጋውን የለበሱ ሰዎች ተሥለውበታል፤ ከሥሩ «ጀግኖቻችን፣ እናመሰግናለን» ይላል። ክረምቱ ሲበረታ ጨርቁ ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ አውርደው ለእኛ ላኩልንና አጠብነው። ምስጋናውን ራሱን አጥበን፣ ጨምቀን፣ አድርቀን መለስንላቸው።

አጣቢዎች ነበርን። ቦንጋ ውስጥ ባለ ሕክምና ቤት ነው፤ የትኛው እንደሆነ ይቅር። የቀጠረን ግን ሕክምና ቤቱ አይደለም፤ ፅዳቱንና አጠባውን በጨረታ ያሸነፈ አንድ ድርጅት ነው። ሕክምና ቤቱን ስንጠይቅ «ድርጅታችሁን ጠይቁ» እንባላለን። ድርጅቱን ስንጠይቅ ደግሞ «እሱን የሚያውቀው ሕክምና ቤቱ ነው» ይሉናል። እንዲህ እያንከባለሉን ዓመታት አለፉ።

ማሽን የለም እንዳይባል ማሽን አለ። ገና ከመተከሉ ተበላሽቶ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ሱፐርቫይዘራችን ጃኬቱን ይሰቅልበታል። የምናጥበው በእጃችን ነው፤ ከግቢው ጀርባ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሲሚንቶ ገንዳ። ቦንጋን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምተዋል። ጠዋት ጉም ነው፣ ከሰዓት ዝናብ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣው በልመና ነው። በደንብ ያልተጨመቀ አንሶላ አይደርቅም፤ እንደረጠበ ሰንብቶ ይሸታል። ስለዚህ የሥራችን ዋናው ማጠቡ ሳይሆን መጭመቁ ነበር።

አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም። ሁለት ሴቶች ጫፍና ጫፉን ይይዙና በተቃራኒ ይጠመዝዙታል። በተጠመዘዘ ቁጥር ያጥራል፤ ባጠረ ቁጥር ሁለቱን ወደ መሀል ይስባቸዋል። መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ለትንፋሽ ይገናኛሉ። ያኔ ነው ውሃው እንጥፍጣፊው ሳይቀር የሚወጣው።

የእኔ ተጣማሪ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሴት ነበሩ። ከሺሺንዳ በኩል የመጡ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ክንዳቸው የወንድ ነው ብንል ይቆጡናል፤ «የሴት ነው፣ ወንዱ እንዲህ ያለ ክንድ ከየት አምጥቶ!» ይላሉ። እኔ የዋጫ ልጅ ስለሆንኩ ይቀልዱብኛል፤ «የዋጫ ልጅ ቡና መልቀም እንጂ ጨርቅ መያዝ የት ታውቃለች?» እያሉ። አንሶላውን ከገንዳው ያወጡና፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ አንዱን ጫፍ ወደ እኔ ይወረውሩታል። «ያዢ!» ይላሉ። ልኑር አልኑር አያረጋግጡም፤ እንደምይዘው ያውቃሉ። መሬት ነክቶም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በሽታው መጣ። የኮሮና ክፍሉ አንሶላ ከሌላው ጋር በአንድ ጆንያ ታጭቆ ይመጣልናል። ትውከቱም፣ አክታውም፣ ደሙም በባዶ እጃችን ነው። ጓንት ስንጠይቅ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነው መልሱ፤ ላም አለኝ በሰማይ። ጓንት የምናየው እንግዳ በሚመጣበት ቀን ብቻ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ ይመጣና ጓንትና ማስክ ያድለናል፤ እንግዶቹ ከሩቅ ቆመው አይተውን፣ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። መኪናቸው ከበሩ እንደወጣ ጓንቱን ከእጃችን ይሰበስባል። አንድ ቀንማ ጭራሽ «እጠቡትና መልሱልኝ፣ ለሌላ እንግዳ ይሆናል» አለን። ያን ቀን ገንዳው ውስጥ ልድፈቀው አሰኝቶኝ ነበር፤ እግዜር ያውቃል።

የሠራተኛ ማኅበር የሚለውን ነገር ያመጣችው ከመካከላችን አንዲት ወጣት ናት። ምላሰኛ ናት፤ ከአፏ የሚተርፍ የለም። ቤቷ ጡት የሚጠባ ልጅ አላት። የሆነ ዘመዷ ሻይ ልማት ውስጥ ሲሠራ ማኅበር እንደነበራቸው ሰምታለች። «እኛም ሕጉ ይፈቅድልናል፤ ተሰብስበን መሪ እንምረጥ፣ ከዚያ ዞን ሄደን እንመዝገብ» አለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ቆጯችንንና ጎመናችንን ዘርግተን፣ ከጥላው ሥር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ገና «እንግዲህ» ብላ ስትጀምር ሱፐርቫይዘሩ ከየት መጣ ሳይባል ከፊታችን ቆመ።

«ተራራቁ! ሁለት ሜትር! ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በዐዋጅ መከልከሉን አልሰማችሁም?»

ተበተንን። ዐዋጁን አልጠላሁትም፤ ሰው እንዳይሞት የወጣ ነገር ነው። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ጠዋት ሙሉ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆነን የበሽተኛ አንሶላ ስንጨምቅ ዐዋጁ የት ነበር? ያኔ ሜትሩ ለምን ጠፋው? ለሥራ ሲሆን የማይተላለፍ በሽታ፣ ስለ ራሳችን ልናወራ ስንቀመጥ ነው የሚተላለፈው? ይህን ዛሬ በጽሑፍ እጠይቃለሁ እንጂ ያን ቀን ቆጮዬን ጠቅልዬ ተነሣሁ።

ግን ጭመቃውን ሊከለክለን አይችልም። ምላሰኛዋ ናት ያሰበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየአንሶላው ተጣማሪ እንለዋወጥ ጀመር። ስንጀምር አንዷ «ማኅበሩ ውስጥ ትገቢያለሽ?» ትላለች፤ አንሶላው ተጠምዝዞ አልቆ ፊት ለፊት ስንገናኝ ሌላዋ በጆሮዋ ትመልስላታለች። እሱ ከማሽኑ አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ዛሬስ በርትታችኋል» እያለ ያመሰግነናል። እትዬን የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። ጠምዝዘን ጠምዝዘን ስንገናኝ፣ «እኔ የማውቀው የጽዋውን ማኅበር ነው፤ ታዲያ ዳቦ ልድፋ?» አሉና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁን ትተው፣ «አስገቢኝ። ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ?» አሉኝ።

ከዚህ በላይ የሚሆኑት ነገር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛቸው፤ እያሳሉም ሠሩ፤ ከቀሩ ይባረራሉ እኮ! አንድ ጠዋት ገንዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። መረመሯቸው፣ ተገኘባቸው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኮሮና ክፍል አስገቧቸው። መስኮታቸው ከጥላችን ይታያል። አንዳንዴ መጋረጃው ሲነቃነቅ «እሳቸው ናቸው» እንባባላለን። የተኙበት አንሶላ በጆንያ ሲመጣ የምናጥበውም እኛው ነን።

በዚያው ሳምንት ሱፐርቫይዘሩ እንደ ዘበት ነገረን። «ሴትዮዋ ያለ ፈቃድ ከሥራ ስለቀሩ ተሰናብተዋል። ሌላ ሰው ይመጣል።»

«ያለ ፈቃድ?» አልኩት። «መስኮታቸው ያውና! እዚያ ተኝተዋል እኮ፣ ጋሼ! ይሂዱና ይጠይቋቸው!»

«እኔ የማውቀው ሥራ ገበታቸው ላይ አለመኖራቸውን ነው» አለኝ፣ ጃኬቱን ከማሽኑ ላይ እያነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ምላሰኛዋ «ዐዋጁን እናክብር» አለች። ነገሩ ለሁላችንም ገባን። አጠብን፤ እንደ ወትሮው ፈትገን አጠብን። ለመጭመቅ ሲሆን ግን እያንዳንዳችን ከሌላዋ ሁለት ሜትር ርቀን ቆምን። ማንም የማንንም ጫፍ አልያዘችም። የነከርነውን ውሃው እየተንጠባጠበ ገመዱ ላይ ሰቀልነው። ገመዱ ጎብጦ መሬት ሊነካ ደረሰ፤ ከላይ ደግሞ ዝናቡ መጣ።

«ምንድነው ይሄ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ።

«ርቀት» አለችው።

«አንሶላው ራሱ ሁለት ሜትር ያልፋል! ጫፍና ጫፉን ያዙና ጭመቁ!»

«ሲጠመዘዝ እንዳያጥር ለአንሶላው ይንገሩልን» አለች። ከዚያ ሁሉ ንዴት መሀል ሳቃችን አመለጠን። እሱ ግን እልህ ያዘው፤ ዘበኛውን ጠርቶ ሁለቱ ሊጨምቁ ተነሡ። አንዱን አንሶላ ጨርሰው ሳይሰቅሉ ሸሚዙም ሱሪውም በሰበሰ፤ ዘበኛው «እኔ በር ልጠብቅ» ብሎ ጥሎት ሄደ።

ቀናት ሲቆጠሩ ደረቅ አንሶላ አለቀ። አንዲት ነርስ መጣችብን፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «በሽተኞቼ ባዶ ፕላስቲክ ላይ ተኝተዋል። እናንተ ሰው አይደላችሁም?» ብላ ጮኸችብን። ይሄኛው አመመኝ። እውነቷን ነው፣ በሽተኛው ምን አጠፋ? ግን እኛስ ሰው መሆናችን ትዝ የሚላቸው አንሶላ ሲያልቅ ብቻ ነው? ተማክረን የወላዶቹንና የኮሮና ክፍሉን አንሶላ ብቻ ለመጭመቅ ተስማማን። አስፈሪውን አንሶላ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆነን፣ ያለ ጓንት። እትዬ እዚያ ክፍል ናቸዋ! ፈርተው ነው የሚለን ካለ ይህን ይስማ።

በመጨረሻ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ራሱ መጣ። አንጀቱ ራርቶልን አይደለም፤ ሕክምና ቤቱ ውሉን አፈርሳለሁ ብሎት ነው። ማስክ በማስክ ላይ ደርቦ፣ ከመኪናው ሳይርቅ ቆሞ፣ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለን።

«ከቤተሰባችን አንዷ እዚያ መስኮት ውስጥ ናት፤ ጠይቀሃታል?» አለችው ምላሰኛዋ። «አንተ» ማለቷን ያኔ ማናችንም ልብ አላልንም። የምንፈልገውን ሲጠይቀን ሳትተነፍስ ነገረችው፤ ጓንት፣ ማስክ፣ ማኅበሩ፣ እትዬ ወደ ሥራቸው። ከሁሉ በላይ እትዬ። ዙሪያውን አየ፤ የተንጠለጠለውን እርጥብ አንሶላ አየ፤ እሺ አለ።

እሺታው ቃል ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጓንቱ በካርቶን መጣ፣ ወፍራም፣ እስከ ክርን የሚደርስ። ዞን ሄደን ማኅበሩን አስመዘገብን፤ ምላሰኛዋን መሪ አደረግናት። እትዬም ድነው ወጡ፤ ነፃ ናቸው የሚለውን የሐኪም ማስረጃ ይዘው በሰኞ ጠዋት መጡ። ከበር ሲገቡ እልል አልን። ከስተዋል፤ ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል። ቦርሳቸውን የዱሮ ሚስማራቸው ላይ ሰቅለው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄዱ። እኔ አጥሩ ጋ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። እሳቸው እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውን አንሶላ አወጡና፣ ዞር ብለው ሳያዩ፣ ጫፉን ወረወሩት።

«ያዢ!»

በእኔ ቦታ ቆማ የነበረችው ምላሰኛዋ ናት። ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለችውም ፈቀቅ አለች። ከዚያም የቀሩት። አዲሱን ጓንት እስከ ክርናቸው ያጠለቁ እጆች ሁሉ፣ በእትዬ ሳንባ የመጣ ጓንት ያጠለቁ እጆች፣ ወደ ደረት ተሰበሰቡ። የአንሶላው ጫፍ ጭቃው ላይ ወደቀ። እትዬ ያኔ ዞር ብለው አዩ። አንሶላውን፣ ከዚያ እኛን።

ሮጬ ስደርስ ጭቃውን ጠጥቶ ነበር። አነሣሁት። «ምን ሆናችኋል?» ብዬ ጮህኩ፤ ሱፐርቫይዘሩ ላይ እንኳ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ለማን ነበር የተሟገትነው? ለጓንቱ ነበር እንዴ?»

«ልጅ አለኝ እኮ» አለች ምላሰኛዋ፣ እያለቀሰች። «ጡት የሚጠባ ልጅ አለኝ።»

እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ግን ንዴቴን አላበረደውም፤ እስከ ዛሬም አላበረደውም። ሥራ አስኪያጁን መጥላት ቀላል ነው፤ መኪናው ውስጥ ገብቶ ይሄድልሃል። ከጎንህ ቆማ የተሟገተችልህ ሴት እጇን ስትሰበስብ ግን ንዴትህን ወዴት ታደርገዋለህ?

ያን አንሶላ ድጋሚ አጥበን ከእትዬ ጋር ጨመቅነው። ተጠምዝዞ ስንቀራረብ እትዬ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ፤ ትንፋሻቸው እንዳይነካኝ።

ማኅበሩ ዛሬም አለ። ማኅተም አለው፤ ከጥላው ምሰሶ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ወረቀት ለጥፈናል። ምላሰኛዋ ጥሩ መሪ ናት፤ ከእሷ ወዲህ ያለ ጓንት የሠራንበት ቀን የለም፣ ይህን አልክድም። እትዬን ይቅርታ ጠይቃለች፤ እሳቸውም «ተይው፣ ልጄ» ብለዋታል። ሌሎቹም አሁን አብረዋቸው ይበላሉ፣ አብረዋቸው ይጨምቃሉ።

እትዬ ግን አንሶላ አይወረውሩም። ከገንዳው ያወጡትና አንዱን ጫፍ በቀስታ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ የራሳቸውን ጫፍ ይዘው፣ ዝም ብለው ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን አላስችለኝ አለና፣ «እትዬ፣ እኔ አለሁ እኮ፤ እንደ ዱሮው ይወርውሩልኝ» አልኳቸው።

«አይ ልጄ» አሉኝ። «እዚያ አለልሽ። የፈለገ ያነሣዋል።»