ከጣና እስከ ድሬዳዋ፣ በሳሎናችን በኩል

ባለፈው ሰሞን የተበላሸ ስልኬን ለማሠራት ከገበያው አጠገብ ወዳለች አንዲት ጠባብ ሱቅ ገብቼ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጠጋኙ ካውያውን አግሎ እርሳሱን ሲነካው ቀጭን ጭስ ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፣ እኔም ልጁ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምሁ። አላመመኝም ነበር። የቀለጠ እርሳስ በሸተተኝ ቁጥር የልጅነት ቤታችን፣ የአባቴ ጎንበስ ያለ ጀርባና የሦስት ሰዎች ክርክር አብረው ይመጡብኛል።

አባቴ ተስፋዬ በባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ተወልዶ ያደገው ድሬዳዋ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለ ሰፈር። አያቴ ባቡሩ ሲቆም በየመስኮቱ ሥር እየዞረች ለመንገደኛው ብርቱካን እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችው፤ ሰባት ዓመት ሲሞላውም ከጅቡቲ ዕቃ ከሚያመጣ ነጋዴ ላይ አንድ አረንጓዴ የመጫወቻ ባቡር ገዛችለት። አባቴ ለሥራ ባሕር ዳር ሲመጣ ያንን ባቡር በካልሲ ጠቅልሎ ከሻንጣው ሥር ይዞት መጥቶ፣ በአቅራቢያው ካለችው ከዱርቤቴ ከተማ የመጣችውን እናቴን ብርቄን አግብቶ እዚሁ ቀረ። ባሕር ዳር ሐይቅ አላት፣ ታንኳ አላት፣ ባጃጅ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባታል፤ ባቡር ግን የላትም። አባቴ ይህን ጉድለት በሳሎናችን ውስጥ ለማሟላት ቆርጦ ተነሣ።

ዝናቡ አባርቶ ጥቅምት ሲገባ፣ ከሥራ መልስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በምግብ ጠረጴዛችን ላይ ሰፊ ችፑድ አጋድሞ፣ ከመዳብ ሽቦ በቀለጠ እርሳስ የተበየደ ሐዲድ፣ ከቀርከሃ ስንጥቅ ደግሞ ሐዲዱ የሚያርፍበትን ርብራብ መሥራት ጀመረ። እኛም ምግባችንን ጭናችን ላይ አድርገን መብላት ለመድን። እናቴ መጀመሪያ ላይ ታኮርፍ ነበር፤ አባቴ ግን ብልጥ ስለነበረ፣ ከባሕር ዳር የሚነሣው ባቡር መጀመሪያ የሚቆመው ዱርቤቴ እንደሚሆን ቃል ገባላትና፣ ከዚያ ወዲያ የተሰነጠቀውን የቁም ሳጥን መስተዋቷን ራሷ አምጥታ «ይኸው ጣናህ» ብላ ሰጠችው።

በዚህ ሥራ አባቴ ብቻውን አልነበረም። አንደኛው ጓደኛው ጎረቤታችን መሪጌታ ልሳነ ወርቅ ነበሩ፤ ከሐይቁ ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ጥምጥማቸው ከበራችን ጉበን ጋር ሁልጊዜ የሚጋጭባቸው ሰው። ባቡር በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። ሁለተኛው ጋሽ ዘሪሁን ነበር፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በኮሌጁ የንድፍ ሥራ መምህር፤ ኪሱ ውስጥ ማስመሪያ ሳይኖር ከቤት የማይወጣ። ሦስቱ ምን እንዳገናኛቸው ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ከአንድ አጥር ሥር መኖራቸውና ሦስቱም ዝም ማለት የማይችሉ መሆናቸው ሳይበቃ አልቀረም።

በጋውን ሙሉ፣ ነፋሱ ከሐይቁ እየተነሣ መጋረጃችንን ሲያውለበልብ፣ እኔ ቀለም እየበጠበጥሁ እነሱ ይሟገቱ ነበር። መሪጌታ እጃቸው ለእንጨት የተፈጠረ ስለነበረ ሰውንም ከብትንም የሚቀርጹት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ከዋንዛ እንጨት ዶሮ ቀርጸው መጡና ዱርቤቴ ጣቢያ አጠገብ አቆሟት። ጋሽ ዘሪሁን ማስመሪያውን አውጥቶ ለካት።

«መሪጌታ፣ በስኬሉ መሠረት ይህች ዶሮ ከፈረስ ትበልጣለች።»

«የዱርቤቴ ዶሮ ናታ!» አሉ መሪጌታ።

እናቴ ከጓዳ ሆና «ልክ ናቸው፤ የእኛ አገር ዶሮ እንዲያ ነው» ስትል፣ ጋሽ ዘሪሁን ጭንቅላቱን ይዞ «እንዲህ ከሆነማ ባቡሩን ትሰለቅጠዋለች!» ብሎ ጮኸ። ዶሮዋ ግን ከዚያ አልተነሣችም፤ የእሷ ነገር እስከ ሁዳዴ መግቢያ ድረስ አከራከራቸው።

መሪጌታ ስለ ባቡር የማይጠይቁት አልነበረም። «ለመሆኑ ሲሞላ ነው የሚነሣው ወይስ እንደ ሚኒባሱ ወንበር መሐል ሰው ይጨምራል?» ይሉ ነበር።

«ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል፣ መሪጌታ። ሞላ አልሞላ አይጠብቅም» ይላቸዋል አባቴ።

«ቅዳሴ ያረፈደ ሰውስ?»

«ይቀራል።»

«እንግዲያማ ጨካኝ ነው» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

በፋሲካ ማግስት ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄደ። አባቴ ከአሮጌ ሬዲዮ ያወጣውን ትራንስፎርመር ሲያገናኘው አረንጓዴው ባቡር እንደ ድመት አጉረምርሞ፣ ከክብሪት ቀፎና ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠሩትን ፉርጎዎች እየጎተተ፣ በመስተዋቱ ጣና ዳር አልፎ፣ ዱርቤቴን አልፎ፣ በካርቶኑ ተራራ ሥር ገብቶ፣ ድሬዳዋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው መብራት ጠፋ። ሁላችንም ድንግዝግዙ ውስጥ ቆመን ቀረን። መጀመሪያ የሳቁት መሪጌታ ነበሩ፤ «አይ፣ የእኛ አገር ባቡር ነው፣ አሁን አመንሁ!» አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባቴ በማግስቱ እናቱን በስልክ አግኝቶ ይህንኑ ሲነግራት፣ የእሷን ሳቅ እኔም ከመነጋገሪያው ውስጥ ሰማሁ። «ክረምቱ ሲያልፍ መጥቼ አየዋለሁ፤ ጣቢያውን በደንብ ሥራው» አለችው።

ክረምቱ ሳያልፍ ሞተች። ሐምሌ ላይ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከአባቴ ጋር የማንደማመጥበት ከሰዓት በኋላ፣ ድሬዳዋ ያለች የአክስቱ ልጅ ደወለች። አባቴ በማለዳው አውቶብስ ተሳፈረ፤ ግን መንገዱ ረጅም ነው፣ እዚያ ሲደርስ አያቴ ተቀብራ፣ ድንኳኑ ውስጥ ሰዎች እሱን እየጠበቁ ነበር። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲመለስ ጢሙን አሳድጎ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ለእኔ ብቻ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ያንኑ ማታ የአልጋ ልብስ አምጥቶ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው።

ጓደኞቹ አልቀሩበትም፤ ለቅሶውን ደርሰው፣ ካልደረሱትም ጋር ደግመው መጡ። መምጣቱን ቢመጡም ግን የሚያወሩት ጠፋቸው። ጋሽ ዘሪሁን ስለ ዝናቡ ይናገራል፣ አባቴ «አዎ፣ ከባድ ነው» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም የተሸፈነውን ጠረጴዛ ላለማየት ወደ መስኮቱ ይመለከታሉ። እናቴ ጠረጴዛውን መልሳ ልትጠይቅ የምትችልበት ጊዜ ነበር፤ አንድም ቀን አላነሣችም። እንዲያውም አንድ ጠዋት የአልጋ ልብሱን አንድ ጫፍ ገለጥ አድርጋ ሐዲዱ ላይ ያረፈውን አቧራ ቀስ ብላ ስትጠርግ አይቻት፣ እንዳላየች ሰው ወደ መኝታ ቤት ተመለስሁ። አባቴ ከሥራ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። እኔም ያ ሁሉ ሙግት የት እንደ ሄደ ሳስብ፣ ቤታችን የሌላ ሰው ቤት ይመስለኝ ነበር።

መሪጌታ ፍልሰታን በደሴቱ ገዳም ሱባዔ ገብተው አሳለፉ። ጾሙ እንደ ተፈታ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላቸው በካፊያ እንደ ራሰ መጡ፤ ጋሽ ዘሪሁንም ከኋላቸው ነበረ። ተቀመጡ፣ እናቴ ያቀረበችላቸውን ቀመሱ፣ መረቁ። ከዚያ ድንገት ወደ አባቴ ዞር ብለው፣

«ተስፋዬ፣ እኔ ድሬዳዋን አላየሁም፤ በዚህ ዕድሜዬም የማየው አይመስለኝም። የእናትህ ቤት በየት በኩል ነበር?» አሉት።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እኔ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ከጣቢያው ጀርባ» አለ አባቴ።

«ጀርባ ሲባል በስተቀኝ ነው በስተግራ?»

አባቴ ተነሣ፣ የአልጋ ልብሱን ከድሬዳዋ በኩል ብቻ አጠፍ አድርጎ ጣቱን በባዶው ችፑድ ላይ አስቀመጠ። «እዚህ ጋ። በሩ ሰማያዊ ነበር። ደጁ ላይ ኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ቁጭ ብላ ብርቱካኖቿን በጨርቅ ታብስ ነበር።»

መሪጌታ ከነጠላቸው ሥር ቢላዋቸውንና አንድ ቁራጭ እንጨት አወጡ። ለካ አስበውበት ነው የመጡት። «ጣሪያውስ? ቆርቆሮ ነው?» ይላሉ፤ አባቴ ይመልሳል፤ «መስኮት ስንት አላት?» ይላሉ፤ ይመልሳል። እየጠየቁ ይቀርጻሉ፣ እሱም እየመለሰ ያወራል፤ ከሐምሌ ጀምሮ ያልወጣው ሁሉ በዚያ ከሰዓት በኋላ ወጣ፦ እናቱ ባቡሩ ገና ሳይታይ በሐዲዱ ድምፅ ብቻ መምጣቱን ታውቅ እንደነበር፣ ሙቀቱ ሲበረታ ልጇን ከደጅ አስተኝታ እስኪያንቀላፋ ድረስ ታራግብለት እንደነበር፣ ቀብሯ ላይ ባለመድረሱ መቃብሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ ሲጠይቃት እንደ ዋለ። በሩን ሰማያዊ የቀባሁት እኔ ነኝ።

ቤቷ አልቃ ከቦታዋ ስትቆም ጋሽ ዘሪሁን ለረጅም ጊዜ ተመለከታት። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አላስቻለውም።

«ተስፋዬ... ይህ ቤት እኮ ከጣቢያው በለጠ።»

ሁላችንም ደነገጥን። መሪጌታ ዓይናቸውን አፈጠጡበት፤ ጋሽ ዘሪሁን ራሱ በተናገረው አፍሮ ጆሮው ቀላ። አባቴ ቤቷን አየ፣ ጣቢያውን አየ፣ ማስመሪያው ከጋሽ ዘሪሁን ኪስ ብቅ ማለቱን አየ፣ ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ሮጬ ወገቡን ያዝሁት። እየሳቀ ነበር፤ እያለቀሰም ነበር። «ይብለጥ!» አለ፣ «የእናቴ ቤት ነው፣ ይብለጥ!» የአልጋ ልብሱንም ሙሉ በሙሉ ገፎ ለእናቴ አቀበላት።

መስከረም ሲጠባ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ክርክሩም በጠረጴዛችን አባይ ላይ በሚሠራው ድልድይ ምክንያት ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ።

ዛሬ እኔ አባቴ ያን ጊዜ የነበረበት ዕድሜ ላይ ደርሻለሁ። መሪጌታ ካረፉ ቆዩ፤ ጋሽ ዘሪሁን ጡረታ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። እኔ ከእነሱ ይልቅ ብዙ ጓደኞች አሉኝ፤ በዓል ሲደርስ በስልክ የአበባ ሥዕል እንላላካለን፣ ሰው ሲሞትባቸው ደውዬ «ያጽናሽ» እላለሁ፣ «ደህና ነሽ? ሁሉ ሰላም?» ተባብለን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንዘጋለን። ተጣልተን አናውቅም። አንዳንዴ ለመጣላት የሚያበቃ ጊዜ አብረን አሳልፈን የማናውቅ ይመስለኛል።

እሑድ እሑድ ወላጆቼ ቤት ስሄድ ግን ጋሽ ዘሪሁን ይደውላል። አሁን የሚሟገቱት አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ይሻላል የድሮው እያሉ ነው፤ አባቴ በጆሮው መድከም የተነሣ ስለሚጮህ ከግቢው ውጪ ይሰማል። ካርዱ አልቆ ሲቋረጥም አያቆምም፤ ስልኩን እንደ ያዘ ብቻውን መሟገቱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ እናቴ ምስር መልቀሟን ሳታቋርጥ የዘሪሁንን ወገን ይዛ ትመልስለታለች።