አይብ ያልነካው ኢንቺላዳ

እኔ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ነኝ። የዕብራይስጥን ፊደል የለየሁት አውቶቡሱ ግንባር ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። ብየዳ የለመድኩት ክርያት ሞጽኪን አጠገብ ባለ ወርክሾፕ፣ በሰው ትከሻ ላይ አጮልቄ እያየሁ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ባለ ትከሻው ራሱ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። በምንኖርበት ሰፈር በሃሊሳ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የቆመበት የኛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው። ስለዚህ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ ሜክሲኮ በየት በኩል እንደሆነች ሳላውቅ፣ ኢንቺላዳ ጋገርኩ ብል የሚያውቁኝ አይገረሙም። የማያውቁኝ ይገረሙ።

ነገሩ የተጀመረው በሳህን ነው።

ታናሿ ልጄ ወታደርነቷን ጨርሳ፣ እንደ እኩዮቿ ቦርሳዋን አዝላ ዓለም ልታይ ሄደች። ሜክሲኮ ብዙ ቆየች። በተመለሰች ሰሞን አንድ ዓርብ ማዕድ ላይ ተቀምጠን ስለዚያ አገር ምግብ ታወራልን ጀመር። ከበቆሎ የተሠራ ስስ ቂጣ አለ፤ የበሬ ሥጋ ይጠቀለልበታል፤ በቀይ ስጎ ይጥለቀለቅና ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል።

«በርበሬው እንደኛው ነው አባ፤ ሰው አይፈራም» አለችኝ።

እኔ ምራቄን ዋጥኩ። እሷ ግን በዚህ አላቆመችም። ጣቶቿን አገጣጥማ ወደ ላይ እየሳበች፣ «ከላይ ደግሞ አይብ አለው፤ ቀልጦ እንዲህ እንዲህ የሚሳብ» አለች።

ባለቤቴ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች። «ከሥጋው ጋር?»

«እዛ ሁሉም እንደዛ ነው የሚበላው እማ።»

«አንቺም በላሽው?»

«በላሁት። ቤሰደር፣ እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን?»

ሥጋና ወተት በእኛ ቤት በአንድ ድስት አይገናኙም፤ በአንድ ሳህንም አይቀርቡም። ለእኔ ይህ ሕግ ነው፤ አከብረዋለሁ። ለባለቤቴ ግን ከሕግም በላይ ነው። አያቶቻችን ትተውት የነበረውን የአይሁድ ሃይማኖት እዚህ መጥተን መልሰን ስንይዝ፣ ትምህርቱን ከእኔ ቀድማ በልቧ የያዘች እሷ ናት። ይህን ሌላ ሰው ፊት አልናገረውም። ረቢው ቤታችንን ሊያዩ የመጡ ዕለት ቁም ሳጥኑን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ባለ ቀይ መስመሩን የሥጋ ሳህን ከባለ ሰማያዊ መስመሩ የወተት ሳህን ለይታ አሳየቻቸው። የእቃ ማጠቢያው ገንዳ ሳይቀር ሁለት ነው። እሳቸውም ምንም የሚያርሙት አጥተው ወጡ። እንግዲህ ያንን ወጥ ቤት ማንም ጣት እንዳይቀስርበት ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ልጄ ስትመጣ ከእናቷ አፍ ክፉ ቃል አልወጣም። ለእኔና ለራሷ በቀዩ ሳህን አቀረበች። ለልጅቷ ግን የፕላስቲክ ሳህን አመጣች፤ ያንን ተበልቶበት የሚጣለውን። ልጄ ጠርዙን በጣቷ ጫን ስታደርገው ታጠፈ።

«እንግዳ ነኝ?» አለች።

«ለጊዜው ነው» አለች እናቷ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

ልጄ ተነሥታ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ከዚያ ወዲያ ነሸር ከተማ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ገባች። ለሦስት የሚበቃው ጠረጴዛችን ሰፋብን። ባለቤቴ ወጡን እንደ ድሮው መጠን ትሠራለች፤ ግማሹ ይተርፋል። እኔ ደግሞ የቆመ ነገር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ማሽን ቢሆን ፈትቼ አየዋለሁ። ይህንንም ፈትቼ ማየት አለብኝ ብዬ ወደ ነሸር የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ።

«አባ! አንተ ደግሞ ብቻህን መጣህ?» አለች በሩን ከፍታ። ልጆቻችን አባታቸውን «አንተ» ይላሉ፤ ማረሙን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

«የሚመጣው ሳይሆን የሚቀጥለው ዓርብ እራት አለ» አልኳት።

«ምን እራት?»

«ኢንቺላዳ።»

«ማን ሊሠራው?»

«እኔ ነኛ!»

ሳቋ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «እንቁላል ጠብሰህ ታውቃለህ?»

«ምድጃ የጠገነ ሰው ምድጃ መጠቀም ያቅተዋል?»

ስቃ ስቃ ሲያበቃላት ዓይኖቿን ጠረገችና፣ «በየትኛው ሳህን?» አለችኝ።

«እሱን ዓርብ ታያለሽ» ብዬ፣ መልሱን እኔም ሳላውቀው ወጣሁ። ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሁለቱንም በምክር አልረታቸውም። ምግቡን ግን በእኛ ቤት ደንብ፣ ነውር የሌለበት አድርጌ ብሠራው እናቲቱ የምትፈራው ነገር አይኖርም፤ ልጅቷም የወደደችው ነገር ከቤቷ እንዳልተባረረ ታያለች። ሳህኑን ምግቡ ራሱ ይጠራዋል። ይህንን አስቤ ስወርድ ልቤ እንደ ብረት ጠንክሮ ነበር።

ባለቤቴ ስትቆጣ «እርስዎ» ትለኛለች። የዚያን ዕለት አለችኝ።

«እርስዎ? ጓዳ ሊገቡ? እናቴ ብታይ ምን ትል ነበር!»

«እናትሽ እንዲህ ያለ አማች አይታ ታውቃለች?»

«አይብ ምድጃዬ ውስጥ አይገባም።»

«አይገባም።»

«ያለ አይብ ደግሞ እሷ አትበላውም። የቀመሰችውን ታውቃለች።»

«እሱን ለእኔ ተይው» አልኳት።

ምድጃውን የእሷ ያደረግሁላት እኔ ነኝ። ከላይ ካርሜል ሰፈር ሰው መንገድ ዳር የጣለውን አግኝቼ፣ በሰው መኪና አውርጄ፣ የተቃጠለውን ማሞቂያ ሽቦ ቀይሬ አስነሣሁት። እሷ ረቢውን ጠይቃ ባዶውን እስከ መጨረሻው ሙቀት አንድዳ ካጸዳችው በኋላ ለሥጋ ብቻ ለየችው። ስለዚህ ጠባዩን አውቃለሁ፤ በግራ በኩል ይበልጥ ይግላል።

ልጄ ትታው በሄደችው አሮጌ ስልክ አንዲት የሜክሲኮ ሴት ስትሠራ አየሁ። ቋንቋዋን አልሰማም፤ ድምፁን ዘጋሁት። እጅ አስተርጓሚ አይፈልግም። ሥጋውን ቀቅላ ክሩን እየለየች ትበጣጥሳለች፤ ቂጣውን ስጎው ውስጥ ነክራ ትጠቀልላለች፤ ትሪ ላይ ጎን ለጎን ትደረድራለች። ከሱቅ የበቆሎ ዱቄት ገዝቼ አቦካሁ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት የኛ አገር ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ሴትየዋ ዱቄቱን በውኃ ለውሳ ወዲያው ስትጋግር አይቻለሁ። ነገር ግን ያልቦካ ሊጥ ደግሞ ምን ሊጥ ነው? ችኮላ ነው፣ እንግዳ መጥቶባት ይሆናል ብዬ እርሾ ጨመርኩበትና አሳደርኩት። በማግሥቱ ኮመጠጠ፤ ስጋግረው ፊቱ ተሰነጣጠቀ፤ ሥጋ አድርጌ ልጠቀልለው ስል እጄ ላይ ተፈረካከሰ። ያም ሆኖ ሁሉንም ሰብስቤ ትሪ ላይ ከተትኩት፤ ስጎ አፈሰስኩበት፤ ጋገርኩት።

ባለቤቴ መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው። «አወቅሁት» አለች።

«ምኑን?»

«ፍርፍር ነው። ይኼን ለመሥራት ሜክሲኮ ድረስ መሄድ ምን ያስፈልጋል?»

ወንበር ይዛ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበርና ተናደድኩ ለማለት አልችልም። ፍርፍሩን ሁለታችንም በላነው፤ ጣፋጭ ነበር። እኔ ግን ኢንቺላዳ ብዬ ነው የተነሣሁት፤ ፍርፍር ላይ አላርፍም።

ሐሙስ ዕለት ባለቤቴ ለእንጀራዋ አብሲት ስትጥል አገኘኋት። ከሊጡ ጥቂት ጨልፋ፣ እሳት ላይ እያማሰለች አብስላ፣ መልሳ ከሊጡ ጋር ትቀላቅላለች። ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቧ አልፌያለሁ፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

«ለምንድን ነው የምታበስይው?»

«እንዲያያዝ ነዋ። አለዚያ ይፈረካከሳል።»

ወዲያው የበቆሎ ዱቄቱን አወጣሁ። «ምን ሊያደርጉ ነው?» አለችኝ፤ ገና «እርስዎ» ላይ ነበርን። ከዱቄቱ ጥቂት ወስጄ በውኃ በጥብጬ፣ እሳት ላይ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን አማሰልኩት፤ በቀሪው ዱቄት ላይ ገልብጬ በጨው አሸሁት። እርሾ የሚባል አላስጠጋሁም። ድቡልቡሉን በሁለት የፌስታል ቁራጭ መካከል አድርጌ በጠርሙስ ዳመጥኩት፤ በደረቅ መጥበሻ ላይ ጋገርኩት። አጠፍኩት፤ አልተሰበረም። ጠቀለልኩት፤ አልተሰበረም። በሳሎኑ እየዞርኩ እንደ ጨርቅ አውለበለብኩት።

«አብሲቱ የእኔ ነው» አለች ባለቤቴ ከወጥ ቤት።

«በቆሎ ላይ የጣለው ማን ነው?»

«ዕውቀቱ የማን ነው?»

ክርክሩን ሳንጨርስ ዱቄቱ ይበቃኝ እንደሆነ አየችልኝ። «አንተ» ወደሚለው የተመለሰችው ያኔ ነው።

የቀረኝ የላዩ ነበር። ሌላ ትሪ ሞክሬ ያለ አይብ ስጋግረው የላይኛው ቂጣ ደርቆ ጠርዙ እንደ ቆርቆሮ ተቀለበሰ። አንዱን በሳህን ይዤ ታች ላለችው አረብ ጎረቤታችን አስቀመስኳት። የወጥ ቤቷ ሽታ ሁልጊዜ ደረጃችን ላይ ይደርሳል፤ ምላሷን አምናለሁ። አላምጣ ዋጠችና በዕብራይስጥ፣ «ስጎህ ጥሩ ነው፤ ላዩ ግን ራቁቱን ነው ሐቢቢ። ጥሂና አልብሰው» አለችኝ። ጥሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። እሷ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት በጥብጣ ሥጋ ላይ አፍስሳ ትጋግረዋለች፤ ይረጋና ፊቱ ወርቅ ይመስላል። ሰሊጥ ወተት አይደለም፤ ሥጋም አይደለም፤ ከሁለቱም ጋር ይስማማል። ቢዘገይም ራሴ እደርስበት ነበር፤ ግን ዓርብ ደርሶብኝ ነበር።

ባለቤቴ ጥሂናውን ስታይ ጠጋ አለች። በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ፣ «ቀጥኗል፤ ይወርድብሃል» ብላ ራሷ ጨምራበት ትበጠብጠው ጀመር።

ዓርብ ከሰዓት በፊት ሥጋውን ቀቀልኩ፤ ክሩን እየለየሁ በጣቴ ፈታታሁት። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላላሁ፤ ቀይ እስኪመስል ታገሥኩት። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ በርበሬ፣ ከሥጋውም መረቅ ጨመርኩበት። ቂጣውን እየነከርኩ፣ እየጠቀለልኩ ደረደርኩ፤ ጥሂናውን ከላይ አለበስኩት። ምድጃው በግራ ስለሚግል መሐል ላይ ትሪውን አዞርኩት። የሰንበቱ ሻማ ሳይበራ አውጥቼ፣ ሰንበቱን ሙሉ ሞቆ በሚያድረው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥኩት። ላዩ ወርቅ ነበር። ማንም መጥቶ ቢያይልኝ ደስ ባለኝ።

ያኔ ነው የፕላስቲኩን ሳህን እሽግ መደርደሪያው ላይ ያየሁት። ከቦታው ወጥቶ፣ አፉ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባለቤቴ ሻማ ልታበራ ሄዳለች። ደብቀው ደብቀው አለኝ። አልደበቅኩትም። የጠገንኩትን ማሽን እኔ ይዤ አላዞረውም፤ በራሱ መዞር አለበት።

ልጄ መጣች። ሁለታችንንም ጉንጫችንን ሳመች፤ እናቷን ግን ፈጠን ብላ። ጠረጴዛው ላይ ዳቦው አለ፣ ወይኑ አለ፤ ሳህን የለም። ባርከን ተቀመጥን። ባለቤቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሽጉ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ልጄም ሰማችው፤ ወንበሯን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋች።

ባለቤቴ ተመለሰች። የያዘችው ሦስቱን ባለ ቀይ መስመር ሳህኖች ነው። አንዱን ልጄ ፊት አስቀመጠች። «ያ ፕላስቲክ ቦታ ያዘብኝ፤ ወደ ጥግ ገፋሁት» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ልጄ ሳህኑን በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ ቆርሳ ጎረሰች። አላመጠች።

«አባ፣ ይሄ ኢንቺላዳ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«እኔንጃ» አለችና ሳህኗን ወደ እናቷ ዘረጋች። «እማ፣ ጨምሪልኝ።»

የሠራሁት እኔ፤ የተለመነችው እናቷ። ባለቤቴ ሁለት ጥቅል አነሣችላት፣ ከወርቃማው ጥግ። «አብሲቱ ነው የያዘው» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰማኋት፤ ግን ለሰንበቱ ስል ክርክሩን ለእሑድ አቆየሁት።

በልተን ስንጨርስ ልጄ ሳህኖቹን ሰበሰበች። ሁለቱ ገንዳዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ የወተቱ ይቀርባታል። እሷ ግን እያወራች፣ ሳታቆም፣ ሳትጠይቅ፣ አልፋ ሄዳ የሥጋው ገንዳ ውስጥ አኖረቻቸው። ባለቤቴ በዓይኗ ተከተለቻት፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተደግፋ፣ ከስንት ሳምንት በኋላ ትከሻዋን አሳረፈች።

«የሚቀጥለው ዓርብ ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አለችኝ ልጄ። «ቂጣውን እንዴት እንደምታቀጥነው ላሳይህ።»

«ለእኔ? ማሳየት?» አልኳት። «በይ ነይ፤ እናያለን ማን ማንን እንደሚያስተምር።»