የኩላንዳው የጎል ዳኛ

ሸምሱን ያወቅሁት ዳውንታውን ዴንቨር፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ በር ላይ ነው። እሱ የመግቢያውን ቡዝ፣ የሒሳብ መቀበያዋን ጠባብ ክፍል፣ ይይዛል፣ እኔ የመውጫውን፤ መሀላችን አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ዛሬ ሁለቱም ቡዞች ተነቅለው ማሽን ተተክቶባቸዋል። ማሽኑ ካርድ ይውጣል፣ ካርድ ይተፋል፣ እንዴት ዋልክ አይልም። ያ ዘመን ሲናፍቀኝ አንዳንዴ አውቶቡሴን ትቼ በዚያ በኩል በእግሬ አልፋለሁ። ለእኔ ሥራ አልነበረም፤ ከሸምሱ ጋር የማወራበት ቦታ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማወራው እኔ ነኝ፣ እሱ ቁጥብ ነው። አስመራ ተማሪ ሳለሁ የአማርኛ መምህሬ "ደበሳይ፣ ምላስህ አያርፍም" እያሉ ጆሮዬን ሲያሹት ነው የኖሩት።

ሥራ የጀመረ ሳምንት፣ በፈረንጆቹ 2003 መሆኑ ነው፣ ምሳ እየበላን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ።

"ጋሽ ደበሳይ፣ እግር ኳስ ይወዳሉ?"

"ማን ይጠላል?"

"የትኛውን?"

የትኛውን! ደሜ ፈላ። እግር ኳስ አንድ ነው፤ ኳሱ ክብ ነው፤ በእግር ይመታል፤ አለቀ። እሱ ግን ረጋ ብሎ የእሱ ኳስ እንቁላል እንደምትመስል፣ በእጅም በእግርም እንደምትሄድ፣ ሜዳው ሞላላ እንደሆነ፣ በየጫፉ አራት አራት ቋሚ እንጨት እንደሚተከል አስረዳኝ። ኳሷ በመሀለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ከገባች ስድስት ነጥብ ነው። ስታ በጎን በኩል ካለፈች ደግሞ አንድ ነጥብ።

"ለሳተም ነጥብ ይሰጣል?" አልኩት።

"ይሰጣል።"

"እንዲህማ ከሆነ እኔ በሕይወቴ ስንት ነጥብ ነበረኝ" አልኩት። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሸምሱ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አሜሪካ የመጣው ግን ከአዲስ አበባ አይደለም። ከአውስትራሊያ ነው፣ ያውም ከሜልበርን በመኪና አራት ሰዓት ርቃ ከምትገኝ ኩላንዳ ከምትባል የገበሬ ከተማ። ስንዴና በግ ብቻ ያለበት አገር ነው። ነዋሪው ሦስት መቶ አይሞላም። አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ቄራ፣ አንድ የእግር ኳስ ክለብ። ቄራው በግ እያረደ ወደ ዓረብ አገር ስለሚልክ በሐላል የሚያርድ ሙስሊም ይፈልግ ነበር። ሸምሱ ስደተኛ ሆኖ ሜልበርን እንደገባ በዚያ ሥራ ሄደ፤ ስምንት ዓመት ቆየ።

በሄደ በሁለተኛው ሳምንት የክለቡ ጸሐፊ፣ ጆይስ የሚሏት ሴትዮ፣ ቄራው በር ላይ አግኝታው "ኳስ ትጫወታለህ?" አለችው። አዲስ አበባ ሳለ ሰፈሩ ውስጥ የታወቀ በረኛ ነበርና "አዎ" አላት። ቅዳሜ የበረኛ ጓንቱን አጥልቆ ሜዳ ገባ፤ መሀለኞቹ ሁለት ቋሚዎች መካከል ሄዶ ተገተረ። ያ ጨዋታ በረኛ የለውም! ሁለቱም ቡድኖች ጨዋታ አቁመው አዩት። ከተመልካቹ አንዱ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጡሩንባውን ነፋ። ሸምሱ መሬት ብትውጠው በወደደ ነበር። ለካ የክለቡ የጎል ዳኛ አርጅቶ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል፤ ምትክ እየፈለጉ ነበር። ጆይስ ነጭ ካፖርትና ሁለት ነጭ ባንዲራ ይዛ መጣችና "አንዴ ቆመሃል፣ በቃ እዚያው ቁም" አለችው። ለስድስት ነጥብ ሁለት ባንዲራ ያውለበልባል፣ ለአንድ ነጥብ አንድ። ሥራው ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ ይሄን ታሪክ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም ነገርኩለት። ሙሚናን፣ ሚስቱን፣ "ሐኪም ነው የመሰለሽ፣ ካፖርቱ የባንዲራ አውለብላቢ ነው" እያልኩ አበሽቃት ነበር።

ስለ ኩላንዳ ሲያወራ ቁጥቡ ሰው ሌላ ሰው ይሆናል። በክረምት የጨዋታው እረፍት ከዐስር ሰላት ጋር ይገጥማል፤ እሱ ኳስ በሚቀመጥበት ክፍል ሲሰግድ ከጨዋታው አራት ክፍለ ጊዜያት ሦስተኛው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዘገይለታል። ማንም ለምን አይልም። ጆይስ ከጨዋታ በኋላ ለሰው ሁሉ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ ትጋግራለች፤ ሥጋውን የምትገዛው እሱ ራሱ ካረደው ነው፣ እንዲበላላት ብላ። ይሄን ሲነግረኝ አፈርኩ። እኔና እሱ ሁለት ዓመት አብረን ስንበላ ምሳችን ምስር ወጥ ነበር፤ እሱ የኔን ሥጋ አይበላ፣ እኔ የሱን አልበላ።

የአንድ ዓመት ፍጻሜ ጨዋታ ግን ልቡ ላይ ቀርታለች። የገጠሙት የጎረቤት ከተማውን ቡድን ነው፣ የአያት የቅድመ አያት ባላንጣቸውን። ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት ኩላንዳ በአራት ነጥብ ይመራል፣ ማለቴ ባላንጣው ይመራዋል። የጆይስ ልጅ ግሌን መታ፤ ኳሷ በመሀል ገባች፤ ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ሸምሱ ግን አንድ ነገር አይቷል፤ ኳሷ ከመግባቷ በፊት የተከላካዩን የጣት ጫፍ ነክታለች። የተነካች ኳስ አንድ ነጥብ ብቻ ናት። ከእሱ በቀር ያየ የለም። አንድ ባንዲራ አነሣ። በሦስት ነጥብ ተሸነፉ።

"ምን ይጎድልብህ ነበር ሁለቱን ብታነሣ?" አልኩት።

"ነክታለች እኮ ጋሽ ደበሳይ።"

ሳምንቱን ሙሉ ከተማው አኮረፈው። ጆይስም አኮረፈች። በሳምንቱ ግን ያንኑ በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋዋን ይዛ ቄራው በር ላይ መጣች። ዓመቱ ሲያልቅ የክለቡ የዕድሜ ልክ አባል አደረጉት፤ እጁን አውጥቶ ስሙን ያቀረበው ግሌን ራሱ ነው።

እንዲህ የተከበረበትን አገር ለምን ተወ ካላችሁ፣ ሙሚና ናት። ሙሚና በዲቪ ቀድማ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ ገብታለች፤ እናቷ እዚሁ ናቸው፤ ቤተሰብ ነው ያገናኛቸው። እሷ ኩላንዳ አልሄድም አለች፣ እሱ መጣ። መጣ እንበል እንጂ ሦስት ዓመት ሙሉ አፓርታማቸው ውስጥ አልጋ አልገዛም ብሎ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ይተኛል። "ስንመለስ ምን እናደርገዋለን?" ይላታል። ቤት እንይ ስትለው "ስንመለስ"፤ ኮርስ ውሰድ ስትለው "ስንመለስ"። አንድ ቀን ሥራ ቦታችን ድረስ መጥታ "ጋሽ ደበሳይ፣ እርስዎን ይሰማል፣ ይምከሩልኝ፤ ወላሂ እኔ ያገባሁት እንግዳ ነው" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። መከርኩት፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ምንም አልተለወጠም።

በፈረንጆቹ 2006 መስከረም ላይ ጆይስ ደወለች። ኩላንዳ ዝናብ ከጠፋባት ዓመታት ተቆጥረዋል። ወጣቱ ወደ ትልልቅ ከተሞች ሄዷል። ለጨዋታ አሥራ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፣ እነሱ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት እያሰለፉ በዚያ ዓመት ሁለት ጨዋታ በፎርፌ ለቀዋል። እንግዲህ ከጎረቤት ከተማው ክለብ፣ ከዚያ ከባላንጣው ጋር እንቀላቀል የሚል ሐሳብ መጣ። ከተቀላቀሉ የኩላንዳ ስምና ማልያ ይቀራል፣ ሜዳው የበግ ግጦሽ ይሆናል። ከተማው ለሁለት ተሰነጠቀ። ወንድም ወንድሙን አይሰላምም። በወረቀት ድምፅ እንስጥ ቢሉ ሁሉም የሁሉንም የእጅ ጽሕፈት ያውቃል። ማን ይቁጠር ቢባል አንዱ ወገን ያመጣውን ሌላው አያምንም።

"ሁለቱም ወገን የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ አገኘን" አለችው ጆይስ። "አባላቱ ለአንተ እየደወሉ ይነግሩሃል፣ አንተ ትቆጥራለህ። ውጤቱን በእናንተ ቅዳሜ ትነግረናለህ። ድምፅ እኩል ከሆነ ሐሳቡ ወደቀ፣ ክለቡ ባለበት ይቀጥላል።"

ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። "የእኔ ድምፅ የታወቀ ነው" አለኝ። "ክለቡ ከሌለ ወዴት ነው የምመለሰው?"

ያቺ ሳምንት ከዕድሜዬ ሁሉ አትረሳኝም። እዚያ ሲነጋ እኛ ጋ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ገበሬ ማልዶ ይነሣል፤ ስምንት ሰዓት ሲሞላ የሸምሱ ስልክ መጮህ ይጀምራል። በእሱ በኩል የሚገባውን መኪና ሁሉ እየሮጥኩ የማስገባው እኔ ነኝ፤ ስድሳ አምስት ዓመቴን ይዤ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ይሰማል፤ በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አሥምሮ ጭረት ብቻ ይጭራል፣ ስም አይጽፍም።

ሰዎቹ አንዲት ቃል ተናግረው መዝጋት ያቅታቸዋል። አንድ ሽማግሌ "አይሆንም" አሉና ግማሽ ሰዓት ስለ ሞተ ወንድማቸው አወሩ፤ ማልያውን ለብሶ ነው የተቀበረው አሉ። አንዷ የሦስት ወንዶች ልጆች እናት "ይሁን" አለች። እዚያ የልጆች ቡድን ስለሌለ በየሳምንቱ ሰማንያ ኪሎ ሜትር እየነዳች ታጫውታቸዋለች፤ ደክሟታል። ግሌን ደወለ፤ "ይሁን" አለ፤ "ለእናቴ እንዳትነግራት" አለ። በማግስቱ ጆይስ ደወለች፤ "አይሆንም" አለች፤ "ለግሌን እንዳትነግረው" አለች። ሸምሱ ለሁለቱም እሺ አለ። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸው ለእናንተ ብቻ ነገርኩ።

ዐርብ ዕለት ሥራ ስንለቅ ሸምሱ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመሄድ ቆም አለ።

"ምነው?" አልኩት።

"አይሆንም ካሉኝ አብዛኞቹ ሜልበርን፣ ሲድኒ ነው የሚኖሩት፣ ጋሽ ደበሳይ። ወይም በጣም ያረጁ ናቸው። ይሁን የሚሉት እዚያው ልጅ የሚያሳድጉት ናቸው።" ቀጠለና "ሌላ ቦታ ሆኖ አይሆንም ማለት እንዴት ቀላል ነው" አለ።

"አንተን ግን ማን ጠይቆህ ነው ይሄን ሁሉ የምታስበው? ቁጠር ተባልክ፣ ቁጠር" ብዬ ተቆጣሁት። የተቆጣሁት አሳዝኖኝ ነው።

ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ገና ሳትገባ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ጀርባ ያለው አፓርታማቸው ሄድኩ። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው፤ አባላቱ አዳራሽ ተሰብስበው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገውታል። ሙሚና ከሸምሱ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የጆይስ ድምፅ መጣ፤ ዝግጁ ነን አለች። ከኋላዋ ወንበር ሲንቋቋ፣ ሰው ሲያስል ይሰማል።

ሸምሱ ወረቀቱን ዘረጋ። "ይሁን፣ ሠላሳ ሁለት። አይሆንም፣ ሠላሳ አንድ" አለ።

ጆይስ "ያንተ አለበት?" አለችው።

"የለበትም።"

አንዲት ቃል ናት የቀረችው። አይሆንም ቢል ሠላሳ ሁለት ለሠላሳ ሁለት፣ ክለቡ ተረፈ። ጆይስም ገብቷታል።

"እንግዲያ ያንተን ንገረን" አለችው።

"በል እንጂ" አልኩት እኔ በሹክሹክታ።

ሸምሱ ወረቀቱን መልሶ አጠፈ።

"ጆይስ፣ እኔ እዚያ አልኖርም" አለ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይቺን ቃል ከአፉ ስትጠብቅ የኖረችው ሙሚና ናት። ደስ የሚላት መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋት። እንባዋ ዱብ ዱብ እያለ እጁን ለቀም አድርጋ ይዛ፣ "ስጥ ሸምሱ፣ ድምፅህን ስጥ፤ አይሆንም በላቸው" ትለዋለች። ድምፅዋ ኩላንዳ ድረስ ተሰምቷል፤ ምን እንዳለች ግን እዚያ የሚያውቅ የለም።

እሱ በሌላ እጁ እጇን መታ መታ አደረገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

"ሠላሳ ሁለት ለሠላሳ አንድ" አለ። "ክለባችሁ ተቀላቅሏል።"

ክለባችን አላለም።