ነጠላዬን አዘቅዝቄ የወጣሁ ዕለት

የልጅ ልጄ ያን ጊዜ የጂምናሲየም፣ የስዊድኖች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ነበረች። የምትማረው ፊልም መሥራት ነው ሲሉኝ ግራ ገባኝ፤ እኔ በተማርኩበት ዘመን ፊልም የሚታይ እንጂ የሚማሩት ነገር አልነበረም። ለመጨረሻ ፈተናዋ ስምንት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሠርታ ማቅረብ ነበረባት። ትምህርት ቤቱ ካሜራውን የሰጣቸው ለቅዳሜና ለእሑድ ነው። ሰኞ ጠዋት ይመለሳል።

ፊልሙ ስለ አንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ ከቱነልባና፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወርዳ ቤቷ ትገባለች፤ ስልክ ይደወላል፤ ከአገር ቤት መርዶ ትሰማለች፤ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ተነሥታ ስኒ ታጥባለች። አለቀ። አሮጊቷ እኔ ነኝ፤ ቤቱም ከከተማው ዳር ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር ያለው የእኔው ቤት ነው።

«የሞተው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

እሷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። «አይታወቅም። አስፈላጊ አይደለም» አለችኝ።

«ሳይታወቅ እንዴት ይለቀሳል? ደግሞ እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰዎች ተሰብስበው ቤት ድረስ መጥተው ያረዳሉ።»

«እማማ፣ ለብዙ ሰው የሚሆን ገንዘብም ጊዜም የለንም። ስልክ ይበቃናል።»

የማልስማማበትን ነገር ግን አስቀድሜ ነገርኳት። ሁሉን አደርጋለሁ፣ አላለቅስም አልኳት። ታናሽ ወንድሜ በዚያው ሳምንት አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ተኝቷል። እዚህ ያሉ ያገሬ ልጆች፣ የማኅበራችን ሰዎች ሁሉ እንዲጸልዩለት ነግሬያቸዋለሁ። እሱ በዚያ ሁኔታ እያለ እዚህ ተቀምጬ ሰው ሞተብኝ ብዬ ባለቅስ ሟርት ነው። የልጅ ልጄ ግን «ካላለቀስሽ ፊልሙ የለም» አለች። እሱን እሑድ እናየዋለን ተባብለን ተለያየን።

ቅዳሜ አራቱም መጡ። ረጅሙን፣ ካሜራ የተሸከመውን ስዊድናዊ ልጅ አለቃቸው አድርጌ ወሰድኩት። የት ልቀመጥ ብዬ ስጠይቀው ወደ ልጅ ልጄ አመለከተኝ። ቆይቼ ሌላ ነገር ስጠይቀውም እንደዚያው አደረገ። ሬሺሶሯ፣ የሁሉም አዛዥ ማለት ነው፣ እሷ ነበረች። ትናንት አፍንጫዋን የጠረግኩላት ልጅ «ዝም በሉ!» ስትል ሦስቱም ዝም ይላሉ። እኔም ዝም አልኩ።

አንዲቱ ልጅ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ጸጉራም ነገር አስራ ከራሴ በላይ ትይዛለች። ድምፅ የሚቀዳው እሱ ነው። ማቀዝቀዣው ይጮኻል ብላ ከግድግዳው ነቀለችው፤ ስልኩም እንዳይረብሻት ገመዱን ነቀለች። ሦስተኛው፣ ወላጆቹ ከቺሊ የመጡ ልጅ፣ የተቀረጸውን ሁሉ በደብተር ይጽፋል፤ ከመጀመራቸው በፊት ደግሞ ሁለት እንጨት ፊቴ ላይ ያጋጫል። ሁልጊዜ እደነግጥ ነበር።

መጀመሪያ ያስደረጉኝ ስኒውን ማጠብ ነው። ገና መርዶውን ሳልሰማ የፊልሙን መጨረሻ ጨረስን። ለምን እንደሆነ ቢያስረዱኝም አልገባኝም። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደብተር የያዘው ልጅ ወደ ክፍሉ ሲገባ ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

«እማማ፣ አትነሺ! በፊልሙ ውስጥ እሱ የለም።»

«እንዴት የለም? ይኸው በሩ ላይ ቆሟል።»

ሰው ሲገባ ተቀምጦ መቆየት አልተለማመድኩም። አራት ጊዜ ተነሣሁ። በአምስተኛው ልጁ ራሱ ከሶፋው ኋላ ተደበቀልኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ወጣን። የልጅ ልጄ ጥቁር ሻርፕ አምጥታ ነበር፤ ሐዘኑ ከመርዶው በፊት እንዲታወቅ ትፈልጋለች። እኛ ዘንድ ከጥቁሩ ይልቅ ነጠላው ነው የሚናገረው አልኳት። ነጠላዬን አውጥቼ አዘቅዝቄ ለበስኩት፤ ወደ ታች የሚወርደው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ አንገቴ ዙሪያ ሆነ። «ያገራችን ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ሐዘንተኛ መሆኔን ያውቃል» አልኳት። በጣም ደስ አላት። እኔም አንድ ነገር በማወቄ ደስ አለኝ። ከሩቅ ማን ሊያየኝ እንደሚችል ግን አላሰብኩም።

ከቱነልባናው በር እስከ ሕንፃችን ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዴ ፀሐይዋ ደመና ውስጥ ገባች፣ አንዴ ውሻ መጣ። ካሜራው ሩቅ ነው፤ ልጆቹም አይታዩም። ወደ ማንም እንዳላይ፣ ማንንም ሰላም እንዳልል ታዝዣለሁ። አምስተኛው ላይ ከማኅበራችን ሴቶች አንዷ ዕቃ ገዝታ ከሱቅ ስትወጣ አገኘኋት። ቆመች። ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት። ሰው ሰላም ሳልል ያለፍኩት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል። ማታ ደውዬ ይቅርታ እላታለሁ ብዬ አስቤ ረሳሁት።

እሑድ የለቅሶው ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የስልኩን እጀታ አነሣለሁ፣ እሰማለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ እንባ የለም። ካሜራ የያዘው ልጅ ሽንኩርት ከትፎ አመጣ፤ ዓይኔ አቃጠለኝ፣ አፍንጫዬ ፈሰሰ፣ ያ ግን ለቅሶ አይደለም። ወንድሜን ሳስብ ጭራሽ እደርቃለሁ። የልጅ ልጄ አልተቆጣችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ጓደኞቿ ሰዓታቸውን ያያሉ። ለእሷ ብዬ ባደርገው በወደድኩ፤ ግን እንዴት ተብሎ? «አንድ ጊዜ ብቻ እንሞክር» አለች። እንጨቱ ተጋጨ።

በዚያን ጊዜ የበሩ ደወል ተደወለ። ዘንግ የያዘችው ልጅ ከፈተችው።

ስድስት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም የማኅበራችን ሰዎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሴቶቹ ድስት ይዘዋል። አንድ ቃል ሳይናገሩ ገብተው ቆሙ።

እኔ መርዶ እንዴት እንደሚመጣ አውቃለሁ። እንዲህ ነው የሚመጣው። 

«ወንድሜ ነው?» አልኩ።

ትልቋ ሴት አቀፈችኝ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት! እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን አለዎት! እንዴት ብቻዎን ያዝኑታል?»

ከዚያ ያልኩትን አላስታውስም። አልቅሻለሁ። እነሱም አለቀሱ። ብዙ ከቆየን በኋላ ከወንዶቹ አንዱ ጎንበስ ብሎ «መቼ ተረዱ?» አለኝ።

«አሁን። ከእናንተ።»

«ከእኛ? እኛ እኮ የሰማነው ከእርስዎ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ?»

ቅዳሜ ያለፍኳት ሴት ተነሣች። «ነጠላዎን አዘቅዝቀው፣ ሰላምታ እንኳ ነስተውኝ አላለፉም? ትናንት ማታም ዛሬ ጠዋትም ብንደውል አይነሣም። ሐዘን ቢጸናብዎ ነው አልን።»

ስልኩን አነሣሁ። ምንም ድምፅ የለውም። እሱም የሞተ መሰለኝ። ዘንግ የያዘችው ልጅ እየሮጠች መጥታ ገመዱን ሰካችው።

አዲስ አበባ ስልኩን ያነሣችው የወንድሜ ሚስት ነበረች። ተኝቷል አለችኝ። ቀስቅሺው አልኳት። ስምንቱም ሰዎች ከበውኝ ቆመዋል።

«እትዬ» አለ ወንድሜ፣ ድምፁ ደክሟል፣ «ከሾርባ በቀር ሁሉን ከለከሉኝ። እባክሽ ንገሪልኝ።»

የሆነውን ነገርኩት።  ሳቀ። «ተይ፣ ተይ፣ ስፌቱ ይፈታብኛል! ስንት ሰው መጣ?»

«ስምንት።»

«ስምንት ብቻ? ይህን ሁሉ ዓመት ሰላምታ የምልክላቸው ለዚህ ነው?»

«ገና የመጀመሪያው ቀን ነው ይበሉት!» አለ ከወንዶቹ አንዱ፣ እንባውን እየጠረገ።

የልጅ ልጄ ከካሜራው አጠገብ እንደቆመች ነበር። ፊቷን ሳይ ገባኝ። ካሜራውን ማንም አላጠፋውም፤ ሁሉም ተቀርጿል። ካሜራ የያዘው ልጅ በጆሮዋ አንድ ነገር አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። ወደ እኔ መጥታ «ልጠቀምበት? እምቢ ካልሽ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አለችኝ።  ካጠፋችው ፊልም እንደሌላት ሁላችንም እናውቃለን።

 «ለቅሶው የእሱ ነው። እሱን ጠይቂው» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

አማርኛ ፈለገች። «አጎቴ... ለቅሶህን... ልውሰደው?»

ሳቁ ከስልኩ ውጭ ተሰማ። «ውሰጂው፣ የኔ ልጅ! ካሴቱን ብቻ ላኪልኝ። ማን ከልቡ እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳስመሰለ ልየው።»

ይህን ስትነግራቸው እንግዶቹ ተያዩ። ትልቋ ሴት ሻሿን አስተካክላ፣ «እንደዚያ ከሆነ እኛን አንድ ጊዜ ድገሙን። እኔ ስገባ ድስቱ ከብዶኝ በደንብ አላለቀስኩም» አለች። የልጅ ልጄ አይደገምም አለች። ትእዛዟን ተቀብለው ነጠላቸውን ገለበጡ፤ ሁላችንም የለቅሶውን ምግብ ከአራቱ ተማሪዎች ጋር በላን። ደብተር የያዘው ልጅ ሦስት ጊዜ አስጨመረ።

ፊልሙን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲያሳዩ ሄድኩ። አስተማሪያቸው እጄን ይዛ የት ተምሬ እንደዚያ መሥራት እንደቻልኩ ጠየቀችኝ። የልጅ ልጄ መሬት መሬት አየች። እኔም አመሰግናለሁ ብቻ አልኩ። ካሴቱን ወንድሜ አየው፤ ከአልቃሾቹ ሴቶች ሁለቱን አላመናቸውም።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረ። መርዶውን ያመጡልኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ገብተው ቆሙ። አላመንኳቸውም። ተነሥቼ መጀመሪያ ስልኩን አነሣሁ።